ሙያ በልብ ነው ላላችሁኝ ልጆች

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ሱቄ ውስጥ ሁለት ልጆች ተኳረፉ። ሁለቱም እኔ ዘንድ ጥገና የሚለማመዱ ናቸው። አንደኛው አልነሳ ያለ ስልክ አስነሳ። ሌላው ጠጋ ብሎ «እንዴት አደረግኸው?» አለው። ያኛው ቦርዱን ወደ ደረቱ ሸሸግ አድርጎ «ሙያ በልብ ነው!» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቀልዱ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። በዚያች አባባል ስንት ዓመቴ እንደተቃጠለ ስለማውቅ ነው።

ለሁለቱ ብቻ ከምናገር ለሁላችሁም ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። የማወራችሁ ስለ አንድ የጌም መጽሔት ነው። አዎ፣ የጌም። ስልሳ ዓመት የተጠጋው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጌም ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ትንሽ ታገሱኝ።

ሙያውን የጀመርኩት በ1977 ዓ.ም. እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ገባሁ። ሰውየው እጁ ወርቅ ነበር። ግን ዋናው ቦታ ላይ ሲደርስ ጀርባውን ያዞርብኛል። ወይ ደግሞ «ሂድ ሻይ አምጣ» ይለኛል። ሻዩን ይዤ ስመለስ ሬዲዮው ይዘፍናል። «ምኑ ነበር?» ስለው «አይዞህ፣ ትደርስበታለህ» ይለኛል። ላይ ላዩን ደህና መስሎ ውስጡ የላላ ሶልደር፣ ማለትም ዕቃዎቹን ከቦርዱ ጋር የሚይዘው ብየዳ፣ እንዴት እንደሚፈለግ ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ቦርዱን በእንጨት ጫፍ ቀስ እያሉ መነካካት ነው፤ ሲነካ ድምፁ የሚንኮሻኮሽበት ቦታ ላይ ነው ጉዱ። በቃ። ቢያሳየኝ የግማሽ ቀን ነገር ነበር።

ከዚያ እኔም ሱቅ ከፈትኩ። እኔም ጀርባዬን ማዞር ጀመርኩ። ይህን መናገር ደስ አይልም፣ ግን እውነት ነው። የሻይ ብርጭቆውን ይዞ የሚሮጠው ልጅ ብቻ ተቀየረ።

በ1990 ዓ.ም. ክረምት ላይ ለጎረቤቴ ከአሜሪካ ካርቶን መጣላት። ወንድሟ ለልጇ የላከው ኔንቴንዶ ነው፣ ከቴሌቪዥን ጋር ገጥመው ጌም የሚጫወቱበት ዕቃ። የጌም ካሴቶች አሉት። ከካርቶኑ ሥር ደግሞ የመጽሔት ክምር። ልጁ ደስታው አላስቆም ብሎት አዳፕተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካው። የአሜሪካ አዳፕተር ለ120 ቮልት ነው የተሠራው። የእኛ መብራት 220 ነው። ጌሙ ሳይሆን ጭሱ መጣ። ልጁ እያለቀሰ፣ እናቱ እየተቆጣች ሱቄ ደረሱ።

ደግነቱ የተቃጠለው አዳፕተሩ ብቻ ነው። ዕቃው ራሱ የሚፈልገው ዘጠኝ ቮልት ነው። ከአሮጌ ሬዲዮ ያወጣሁት ትራንስፎርመር ነበረኝና ገጠምኩለት። ቀይዋ መብራት በራች። ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። የአሜሪካ ቀለም ያኔ ኤንቲኤስሲ በሚባለው አሠራር ነበር፣ የእኔ ቴሌቪዥን ደግሞ ፓል በሚባለው። ምስሉ መጀመሪያ እንደ ጎማ ይሽከረከር ነበር። ከኋላ ባለችው ማስተካከያ አስቆምኩት። ቀለም ግን የለም። የጌሙ ጀግና ማሪዮ ግራጫ ሆኖ ዘለለ።

ኮፍያው ቀይ መሆኑን ያወቅነው ከመጽሔቱ ነው። ልጆቹ አንዴ ቴሌቪዥኑን ያያሉ፣ አንዴ ዞር ብለው ገጹን ያያሉ። ቀለሙን በልባቸው ይቀቡታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሱቄ ውስጥ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ የድሮ ቴሌቪዥን ደግሞ ጀርባው ይሞቃል። ተራው ያልደረሰው ልጅ ከኋላ ሄዶ እጁን ያሞቃል።

መጽሔቱ ኔንቴንዶ ፓወር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1988 ነው የተጀመረው። ያኔ አሳታሚው ጌሙን የሚሸጠው ኩባንያ ራሱ ስለነበር ዕቃውን ማሞገስ ይወድ ነበር። ነጋዴ ዕቃውን ሲያመሰግን መስማት እንጂ ማመን ግዴታ የለባችሁም። እኔን የገረመኝ ሌላው ነገሩ ነው። ምንም አይደብቅም። የጌሙን ካርታ ከዳር እስከ ዳር ዘርግቶ ያሳያል። የቱ ግድግዳ እንደሚከፈት፣ የቱ ጉድጓድ እንደሚያሳልፍ ይናገራል። 13ኛው እትም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ አንድ ጌም ብቻ ነው፣ ስለ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 3። «ምስጢሩን ሁሉ ከነገሩት ማን ይገዛቸዋል?» አልኩ። ለካ ሰው የሚገዛው ስለሚነግሩት ነው።

አንድ ዓምድ ደግሞ ነበረው፣ የኩባንያው የጌም አማካሪዎች የሚመልሱበት። የእነዚህ ሰዎች የዘወትር ሥራ ስልክ ማንሳት ነበር። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ሬድመንድ በምትባል ከተማ ተቀምጠው፣ «እዚህ ጋ ተይዣለሁ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ለደወለ ልጅ መንገድ ያሳዩ ነበር። ያውም በደመወዝ! ይህን ለልጆቹ ሳነብላቸው አንዱ «ጋሼ፣ አይሳደቡም?» ብሎ ጠየቀኝ። ያ ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልጁ ጠይቆ ሳይሰደብ ቀርቶ አያውቅም ማለት ነው።

ከካሴቶቹ አንዱ ወርቅማ ነበር፣ ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ የሚባለው። እዚያ ውስጥ አንድ ጫካ አለ። በየትም ብትሄዱ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። ልጆቹ ሦስት ሳምንት ተንከራተቱበት። አንዲት አሮጊት ደግሞ አለች፣ ገንዘብ ተቀብላ ምክር የምትሸጥ። ጥቂት ከሰጧት አልበቃኝም ትላለች፤ ጠቀም ያለ ሲሰጧት ትናገራለች። ችግሩ የምትናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ እየከፈሉ ዝም ብለው ይወጡ ነበር።

የጎረቤቴ ልጅ አንድ ቀን ፊደሎቹን አንድ በአንድ ደብተሩ ላይ ገለበጣቸው። ትምህርት ቤት ይዞ ሄዶ አስተማሪውን አስተረጎመ። መልሱ ሰሜን፣ ምዕራብ፣ ደቡብ፣ ምዕራብ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዱ ጫካው ይለቃቸዋል። ልጁ እየሮጠ መጣ። ሞከረው፣ አለፈ። የዚያን ቀን ጩኸት ለማየት መንገደኛ ሳይቀር ቆሟል።

ልጁ ያንን ወረቀት ኪሱ ውስጥ መክተት ይችል ነበር። የሰፈሩ አለቃ ያደርገው ነበር። እሱ ግን በአማርኛ ጻፈውና ግድግዳዬ ላይ በፕላስተር ለጠፈው። ከላዩ «የደብረ ብርሃን ፓወር፣ ቁጥር 1» ብሎ ሰየመው። በሳምንቱ ሌላ ልጅ ከሥሩ ሌላ ወረቀት ጨመረ። ከዚያ ሌላ። ግድግዳዬ መጽሔት ሆነ።

እኔ እዚያ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብዬ ለማጅ ልጄን «ሂድ ሻይ አምጣ» አልኩት። እውነቴን ነው። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ወረቀቶቹን ቀና ብዬ ሳይ አፈርኩ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የማይደብቀውን እኔ እደብቃለሁ። ልጁን «ተወው፣ ና ቁጭ በል» አልኩት። ያንን የላላ ሶልደር ነገር አሳየሁት። ከግማሽ ቀን በታች ነው የፈጀበት።

ስለ መጽሔቱ ሳስብ ልቤን የሚያሞቁት ነገሮች ደግሞ ሌሎች ናቸው። አንባቢዎች የላኳቸው ፖስታዎች ይታተሙ ነበር። ደብዳቤውን ተዉት፣ ፖስታውን ራሱን! ልጆች ሥዕል ሥለው ስለሚልኩት ነው። የእኛዎቹም ካልላክን አሉ። አንዱ ምን እንደሣለ ልንገራችሁ። ማሪዮ በቱቦ ገብቶ ሌላ ቦታ ይወጣል አይደል? ልጁ ጣሊያን የቆፈረውን የጣርማበርን ዋሻ ቱቦ አደረገው። ማሪዮ በደብረ ብርሃን በኩል የመንዝ ባና ተከናንቦ ይገባል። በደብረ ሲና በኩል ባናውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ቆሎ እየቃመ ይወጣል። በዚያ መንገድ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሥዕል አይቶ መሳቁ አይቀርም። ቴምብር ተገዝቶ ተላከ። መልስ አልመጣም። ልጆቹ ለወራት ፖስታ ቤት ተመላልሰዋል። አስመስዬ መልስ ልጻፍላቸው ብዬ ነበር፣ ተውኩት።

ከፍተኛ ነጥብ ያስመዘገበ አንባቢ ደግሞ የቴሌቪዥኑን ፎቶ አንስቶ ይልክ ነበር፤ ስሙ ይወጣለታል። የእኛዎቹ ሳንቲም አዋጥተው ፎቶ አንሺ ጠሩ። ሰውየው እንደ ሠርግ ቤት ፍላሹን አበራው። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ መሐሉ ላይ ነጭ ብርሃን ብቻ። ፍላሽ መስታወት ላይ ሲያርፍ እንደዚያ ነው። እኔ ይህን አውቅ ነበር። ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ይህኛው ሳልጠየቅ መናገር የነበረብኝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ መጽሔቱ ለአንባቢዎቹ ውድድር አወጣ። ሽልማቱ ስማችሁ ወደፊት በሚሠራ ጌም ውስጥ ይገባል የሚል ነው። ቃላቸውን ጠበቁ። በኋላ በወጣው ዜልዳ ውስጥ አንድ የተደበቀ ክፍል አለ፣ የአሸናፊው ስም የተጻፈበት። አንድ ተራ አንባቢ ውድድር ገብቶ ቤት ተሠራለት ማለት ነው።

ይህን ካነሳሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። የወርቅማው ካሴት ተጫዋቹ የደረሰበትን በስሙ ያስቀምጣል፣ የሚይዘው ግን ሦስት ስም ብቻ ነው። ሲመጣ በአንዱ ላይ የማናውቀው የአሜሪካ ልጅ ስም ነበረበት። ልጆቹ ቦታ ቢጠባቸውም አላጠፉትም። በሁለቱ ብቻ ተጫወቱ። «ቢመጣስ?» ይሉ ነበር። ካሴቱ ውስጥ ትንሽ ባትሪ አለች፤ ያንን የምትይዘው እሷ ናት። በኋላ ስታልቅ ስሙም አብሮ ጠፋ። ባትሪዋን ቀየርኩ፣ ስሙን ግን መመለስ አልቻልኩም።

ኔንቴንዶ ፓወር 285 እትም አውጥቶ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 ተዘጋ። የነገረኝ ያው የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ለገና ከአዲስ አበባ ሲመጣ። የመጨረሻውን ሽፋን በስልኩ አሳየኝ። ማሪዮን እንደ ጭቃ አሻንጉሊት ሠርተውታል። የመጀመሪያው እትም ሽፋንም እንደዚሁ በእጅ የተሠራ የጭቃ ማሪዮ ነበር። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ሲሰናበቱ ወደ ጀመሩበት ጭቃ ተመለሱ። ሁለታችንም ዝም አልን። ቡና ቀዘቀዘብን።

መቼም አንዳንዳችሁ «ጋሼ፣ ሁሉን ካሳየን ገበያችንን ይወስዱብናል» ትላላችሁ። ይወስዳሉ። አልዋሻችሁም። ያሳየሁት ለማጅ ፊት ለፊቴ ሱቅ ከፈተ። አንድ ዓመት ሙሉ ገበያዬ ቀዘቀዘ፣ ተናድጄም ነበር። አሁን ግን እኔ የማልችለውን የስልክ ቦርድ እሱ ዘንድ እልካለሁ። እሱ ደግሞ ማንም የማይነካውን የድሮ ሬዲዮ ለእኔ ይልካል። ምሳ አብረን የምንበላበት ቀን ይበዛል።

ስትጠይቁ ደግሞ በደንብ ጠይቁ። «አልሠራም አለኝ» ጥያቄ አይደለም። ያ ልጅ ፊደሎቹን ገልብጦ ወደ አስተማሪው እንደሄደው ሂዱ። ምን እንዳያችሁ፣ ምን እንደሞከራችሁ፣ የት ላይ እንደቆመ ንገሩ። እንዲህ ለሚጠይቅ ሰው ጀርባ ማዞር ይከብዳል። ለሚያዞርባችሁ ደግሞ ቂም አትያዙ። ያ መምህሬ ለእሱም ያሳየው ሰው አልነበረም፤ ይህን ያወቅሁት ከሞተ በኋላ ነው።

ይህን እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ነው፣ የማላውቀው ልጅ። ቁጥሬን ከማን እንዳገኘው አልጠየቅሁትም። «ጋሼ፣ አንድ ፍላት ቴሌቪዥን አለ፣ ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም። ፊውዙን አይቻለሁ፣ ደህና ነው» አለኝ። አያችሁ፣ በደንብ ነው የጠየቀው።

«የእጅ ባትሪ አለህ?» አልኩት።

«አለ ጋሼ።»

«ቴሌቪዥኑ እንደበራ የክፍሉን መብራት ብቻ አጥፋና ባትሪውን ስክሪኑ ላይ ጠጋ አድርገህ አብራበት። በደብዛዛው ምስል ከታየህ የሞተው ከኋላ የሚያበራው መብራት ነው፣ ስክሪኑ ደህና ነው። ሂድ እየው፣ ስልኩን አልዘጋም።»