ራጅ የሚያነብ ኤአይ፦ ጠየቃችሁኝ፣ ልመልስ

ጎንደር ውስጥ ራጅና ሲቲ ስካን ሳነብ ነው የምውለው። ሰሞኑን ኤአይን (ሰው ሠራሽ አስተውሎትን) ወደ ራጅ ክፍል ስለማስገባት ብዙ ጠይቃችሁኛል።

ዶክተር፣ እንጀራችንን ሊቀማን ነው? (ተማሪ)

አይቀማህም። በ2016 እ.ኤ.አ. የኤአይ ሊቁ ጄፍሪ ሂንተን ራዲዮሎጂስት (ራጅ አንባቢ ሐኪም) ማሠልጠን ይቁም ብሎ ነበር። ዛሬም አሜሪካ ራሷ ራዲዮሎጂስት አጣሁ እያለች ነው።

ከየት እንጀምር?

ከሳምባ ራጅ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለቲቢ ልየታ፣ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች፣ ሶፍትዌር በሰው አንባቢ ቦታ ሊገባ ይችላል ብሏል። ሕፃናት የሉበትም። ሶፍትዌሩ ራጁ ምን ያህል ቲቢ እንደሚመስል ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ከፍ ያለ ሰው አክታው በጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ጀርም በዘረመሉ በሚለይ መሣሪያ) ይመረመራል። ከስንት በላይ ከፍ ያለ እንደሚባል የሚወስነውን መቁረጫ ነጥብ ግን እዚሁ በራሳችን ሰው መፈተን አለብን። ድሮ ቲቢ ይዞት የዳነ ሰው ጠባሳው ነጥቡን ሊያንርበት ይችላል።

ስንገዛ ምን እንይ?

መጀመሪያ የራሳችሁን ራጅ እዩ። ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ፣ በስልክ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ልማዳችን ነው። (እኔም ልኬአለሁ፣ አልዋሽም።) የመጋረጃው አበባ ሳይቀር አብሮ ይነሳል። ዲጂታል ራጅ፣ ዳይኮም ፋይል (የሕክምና ምስል የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት)፣ ሰርቨር፣ መብራት ሲሄድ የሚይዝ ዩፒኤስ ከሌላችሁ፣ ላሟ ሳትኖር ጮጮ መግዛት ነው።

ሌላም አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ የሳምባ ምች እንዲለይ የሠለጠነ የኤአይ ሞዴል ራጁ የየትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ጭምር ይለይ ነበር። ፊልሙ ጥግ ላይ የምትቀመጠው የብረት ምልክት እንኳ ትጠቁመዋለች። ታዲያ የኛን የብር መስቀል ምን ይለው ይሆን? ማተቤን አልፈታም የሚል አለ። ወደ ጀርባ አዙረን እናነሳዋለን፤ ያም ሆኖ መስቀሉ ሳምባው ላይ ነጭ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ስለዚህ የሻጩ ሶፍትዌር መጀመሪያ ለተወሰነ ጊዜ የእናንተን ራጅ ያንብብ። ውጤቱን አካሚው ሐኪም አይየው። ከዚያ ከራዲዮሎጂስቱ ሪፖርት ጋር አስተያዩት።

እናቴን ኮምፒውተር አይቷት ቢሳሳትስ? (ከአዘዞ)

እህቴ፣ ሪፖርቱን ማን አንብቦ እንደፈረመበት ጠይቂ። ፊርማ ከሌለው አትቀበዪ።

ምስሉ ውጭ አገር ሰርቨር ቢገባስ?

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ውሉን ሕግ አዋቂ ይየው። የታካሚውን ስም ከፋይሉ ሰርዘናል ሲሏችሁም ፋይሉን ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ አንዳንዴ ስሙ ምስሉ ላይ ታትሞ ይቀራል።