ፕሮሰሰርዎ የሚኖረው ሸዋ ሮቢት ነው ወይስ ደብረ ብርሃን?

በዚህ ዕትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ጥያቄዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ጣርማበርን ወዲያና ወዲህ ሲሉ የአየሩ ጠባይ እንደሚለያይ ሁሉ መልሱም ይለያያል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለጌም የምጠቀምበት ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ ኮር አይ7-14700ኬ ሲሆን ማቀዝቀዣው ባለ አንድ ፋን የአየር ማቀዝቀዣ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጌም ስከፍት ሙቀቱ 100 ዲግሪ ይደርስና ጌሙ መንቀራፈፍ ይጀምራል፤ ማታ ማታ ይሻለዋል። የውሃ ማቀዝቀዣ ልገዛ ነው፤ 240 ይበቃኛል ወይስ 360 ልግዛ? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ኬዝዎ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ከያዘው 360 ይግዙ። 240 ባለ ሁለት፣ 360 ደግሞ ባለ ሦስት 120 ሚሊ ሜትር ፋን ማለት ነው።

«ማታ ይሻለዋል» ያሉት ነገር ዋናውን ምክንያት ይናገራል። የውሃ ማቀዝቀዣ ፍሪጅ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚገጠመው ፓምፕ የሚያዞረው ውሃ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ተሸክሞ ራዲያተሩ (ፋኖቹ የሚገጠሙበት የብረት ማቀዝቀዣ) ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚረከበው ያው የክፍልዎ አየር ነው። አንድ ማቀዝቀዣ በሙሉ ጭነት ጊዜ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ 55 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ያቆመዋል እንበል። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሲሆን ፕሮሰሰሩ 75 ላይ ይረጋል፤ ክፍሉ 35 ሲሆን ያው ዕቃ 90 ላይ ያደርሰዋል። የእርስዎ ፕሮሰሰር ደግሞ 100 ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የጌሙ መንቀራፈፍ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የፋኖቹን ስፋት ካሰላነው 360 ከ240 በግማሽ ይበልጣል። 280 የሚባለው ባለ ሁለት 140 ሚሊ ሜትር ፋኑ ከ240 በሲሶ ያህል ስለሚሰፋ ወደ 360 ይጠጋል፤ ኬዝ ጠቦ ለተቸገረ ሰው የምንመክረው እሱን ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ልኬቱ ላይ ነው። «360» የሦስቱ ፋኖች ድምር እንጂ የራዲያተሩ ርዝመት አይደለም። ራዲያተሩ ጫፍና ጫፉ ላይ ካሉት የውሃ ማጠራቀሚያዎች ጋር 397 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ውፍረቱ በተለመደው ዓይነት 27 ነው፤ 25 ሚሊ ሜትር ፋን ሲጨመርበት 52 ይሆናል፤ 38 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ራዲያተር ያላቸውም አሉ። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ከካርቶን 400 በ120 ሚሊ ሜትር ቆርጠው የኬዙ ጣሪያ ሥር ያስገቡት። ከካርቶኑ በታች ደግሞ 52 ሚሊ ሜትር በማስመሪያ ይለኩ፤ እዚያ ቦታ ላይ የራሙ አናት ወይም የማዘርቦርዱ ሙቀት አብራጅ ብረት ከገባ ራዲያተሩ አይገጥምም።

የሚገጠመው ከላይ ቢሆን ይመረጣል። ውሃው በሚዞርበት ዝግ መስመር ውስጥ ትንሽ አየር አይጠፋም፤ አየር ደግሞ ምንጊዜም ወደ ከፍተኛው ቦታ ይወጣል። ፓምፑ ከሁሉም በላይ ከሆነ አየሩ እሱ ውስጥ ይሰበሰብና ይንኮራኮራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከፊት ለመግጠም ከተገደዱ ቱቦዎቹን ወደ ታች አድርገው የራዲያተሩን አናት ከፓምፑ ከፍ ያድርጉት። ኬዙ ወለል ላይ ራዲያተር አይግጠሙ።

አሁን ገንዘብ የማያስወጣውን እንንገርዎ፤ ይህንንም ከግዢው በፊት ቢያደርጉት ደስ ይለናል። የ14700ኬ ከፍተኛ ፍጆታ 253 ዋት ነው፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ግን ገደቡን ከፍተው 4096 ዋት ብለው ይተዉታል። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ ገብተው ሁለቱንም የኃይል ገደቦች፣ የረጅሙንም የአጭሩንም ጊዜ፣ 180 ዋት ላይ ያድርጓቸው። ጌም ፕሮሰሰሩን እንደ ቪዲዮ ማቀናበር ሙሉ በሙሉ ስለማያስጨንቀው የሚያጡት ፍጥነት ጥቂት ነው፤ ሙቀቱ ግን በግልጽ ይወርዳል። ባዮሱንም ያድሱ። የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ በጊዜ ብዛት እንዲጎዱ የሚያደርግ ችግር እንዳለባቸው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 አስታውቆ ማስተካከያ አውጥቷል። ማስተካከያው የሚደርስዎት በባዮስ በኩል ነው። የተጎዳን ፕሮሰሰር የትኛውም ማቀዝቀዣ አያድነውም።

ጥያቄ፦ ራይዘን 5 5600 አለኝ። የውሃ ማቀዝቀዣ ለመግዛት አስቤ ነበር፤ የኛ ብርድ ውሃውን በረዶ አያደርገውም? ከፍታችንስ ጉዳት አለው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ለዚህ ፕሮሰሰር የውሃ ማቀዝቀዣ አያስፈልግዎትም። በራሱ መደበኛ ገደብ ቢበዛ 76 ዋት ነው የሚስበው። አራት የሙቀት ቱቦና አንድ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ያለው የአየር ማቀዝቀዣ ከበቂ በላይ ነው። አብሮት የሚመጣው ትንሹ ፋን ይጮሃል እንጂ እሱም ያሠራል። የተረፈዎትን ገንዘብ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያውሉት።

ውሃው በረዶ አይሆንም፤ ፋብሪካው የሚሞላው ፈሳሽ ፀረ ብርድ የተጨመረበት ነው፣ ሰው የሚኖርበት ክፍልም ለዚያ አይደርስም። ከፍታው ግን እውነተኛ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም አየሩ ቀላል ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ራዲያተርም የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ውሃ ቢገዙም ከዚህ አያመልጡም። ደግነቱ የክፍሉ ብርድ ያካክሰዋል፤ የፋኑን ፍጥነት ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ኮምፒውተሩን ከደጋው ብርድ አውጥተው ቆላ ካወረዱት ወዲያው አያብሩት። ቀዝቃዛ ብረት ሞቃት አየር ሲያገኘው ላብ ያወጣል። ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ።

ጥያቄ፦ አዲስ የውሃ ማቀዝቀዣ ገጠምኩ፤ ምንም ሳልከፍት ባዮስ ላይ እያለ በሁለት ደቂቃ 95 ደርሶ ጠፋ። ዕቃው ብልሽት ይሆን? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ዕቃውን ከመመለስዎ በፊት ፓምፑን ፈትተው የመዳብ ፊቱን ይዩት። ስስ ላስቲክ ተለጥፎበት ይመጣል፤ ሳይላጥ የሚገጠምበት ጊዜ ብዙ ነው። ላስቲኩ ከተገኘ ይላጡ፤ የተበላሸውን ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በፓምፑ ፊት መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በአልኮልና ብናኝ በማይተው ጨርቅ ጠርገው የአተር ፍሬ የሚያህል አዲስ መሐል ላይ ያድርጉ።

ላስቲክ ከሌለ ቱቦዎቹን በእጅዎ ይያዙ። አንዱ የሚያቃጥል ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው አይዞርም ማለት ነው። ፓምፑ ኃይል የሚያገኘው በራሱ ገመድ ነው፤ የአንዳንዱ ከማዘርቦርዱ የፓምፕ መሰኪያ፣ የአንዳንዱ ደግሞ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ ነው። ባዮስ ውስጥ የፓምፑ ዙር ዜሮ ከሆነ ገመዱ አልተሰካም። ከተሰካ በኋላም እንደ ፋን ከሙቀት ጋር ከፍ ዝቅ እንዲል አይተዉት፤ ሁልጊዜ 100 ከመቶ ላይ ይዙር።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ብሎኖቹ ናቸው። አንዱን ጥግ እስከ መጨረሻው አጥብቀው ወደ ሌላው ከሄዱ ፓምፑ ያዘነብላል። በሰያፍ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ዙር እያሉ ያጥብቁ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ባለ 240 በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ከተመረተ አምስት ዓመት ካለፈው ይተዉት። ቀዳዳ ባይኖርም ውሃው በጎማው ቱቦ በኩል በዓመታት ቀስ እያለ ይተናል፤ አብዛኞቹ ደግሞ መሙያ የላቸውም። ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ካለው ሻጩ ፊት ለፊት አሠርቶ ያሳይዎት፤ ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ ሁለቱም ቱቦዎች እኩል ለብ ማለት አለባቸው፣ የውሃ መንኮራኮርም መሰማት የለበትም። ቱቦው ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ደረቅ ቅርፊት ካዩ ማፍሰስ ጀምሯል። በመጨረሻ ብሎኖቹንና ከማዘርቦርዱ ጀርባ የሚገባውን የኋላ ሳህን ይጠይቁ። የኤልጂኤ1700 ሶኬት (የኢንቴል ፕሮሰሰር መሰኪያ) ቀዳዳዎች በመካከላቸው 78 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ ከእሱ በፊት የነበረው 75 ነው፤ የድሮው ማሠሪያ አይገባም፣ ለብቻው ፈልጎ ማግኘትም አድካሚ ነው።