«የሚረብሹ ስላሉ ተማሪዎቹን ሁሉንም ላውርዳቸው?» ላሉት የአውቶቡስ ሾፌር

ሁሉንም አያውርዱ። የረበሹት ሁለት ልጆች ከሆኑ፣ ዝም ብለው የተቀመጡትን አብሮ መቅጣት ሥልጣንዎን ያስንቃል እንጂ አያስከብርም፤ ነገ እነሱም ከረባሾቹ ጋር ያብራሉ።

እየነዱ በመስታወት አይጨቃጨቁ። ፌርማታ ላይ ይቁሙ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ሞተሩን ያጥፉ። ድንገተኛው ጸጥታ ብቻውን ብዙውን ያበርዳል። ከዚያ ልጁን ለይተው ያደረገውን ብቻ ይንገሩት፦ «ወንበር ላይ ቆመሃል፤ ተቀመጥ።» «የዘመኑ ልጆች» የሚለው ስብከት ሳቅ ነው የሚያተርፍልዎት። እምቢ ካለ ለስምሪት ክፍሉ ይደውሉ።

ከልምድ አንድ ነገር ልጨምር፦ የማይፈጽሙትን አይዛቱ። «አወርድሃለሁ» ብሎ ጉዞውን የሚቀጥል ሾፌር ከዚያ ወዲያ ሰሚ የለውም። ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በጨለማ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ደግሞ በሕግም ሊያስጠይቅዎት ይችላል።