ሲነኳት ለምትጮህ ልጅሽ፣ ለኮምቦልቻዋ እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት፣ ሳስበው አደርኩ። ልጄ 5 አመቷ ነው፣ እድገቷ ዘግየት ያለ ነው፣ ጸጉሯን ላበጥር ስል ትጮሃለች ፊቷን ሳጥባት ትነክሰኛለች፣ ባለሙያ ደሞ የመነካት ስሜቷ ይታይ አለኝ፣ እንዴት ነው የሚያዩት ያሳምማታል ወይ ነው ያልሽው። አብሽሪ፣ በደንብ ከተሰራ አያሳምምም። እኔ ደሴ ነኝ፣ ልጄ አሁን 9 አመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለው፣ በአፉ አያወራም። በዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ታይቷል፣ አንዴ በማይሆን መንገድ አንዴ በጥሩ፣ ልዩነቱን ብነግርሽ ይጠቅምሻል ብዬ ነው።

የመጀመሪያው 4 አመቱ ላይ ነው፣ ቦታውን አልጠራም። የሚያየው ሰውዬ በጥጥ ከኋላው መጥቶ አንገቱን ነካ አደረገው፣ ልጄ ዞሮ በጥፊ አለው፣ በቃ ወረቀቱ ላይ ተደባዳቢ ተብሎ ተጻፈ። አስር ደቂቃም አልፈጀ። ባጃጅ ውስጥ እያለቀስኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ሳያይ ከኋላው ቢነኩት ማን የማይደነግጥ አለ?

ሁለተኛዋ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ናት፣ መልበስ መታጠብ መብላት የመሳሰለውን የእለት ተእለት ነገር እንዲችሉ የምትረዳ ባለሙያ ማለት ነው፣ ወጣት ልጅ፣ ገና ስንገባ ልጁን ሳትነካ መጀመሪያ ህመም የለውም ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ ጆሮውስ ጥርሱስ ጭንቅላቱ ላይ ቁስል ቅማል ምናምን፣ ምክንያቱም መናገር የማይችል ልጅ የሚያመውን ቦታ ስትነኪበት ከመጮህ ሌላ ምን ያድርግ። ጥርሱን ስናስየው ለካ መንጋጋው ተበልቷል፣ ፊቱን ሳጥበው የነበረው ጩኸት ግማሹ ጥርሱ ኖሯል። ወላሂ እስካሁን ይቆጨኛል። አንቺም መጀመሪያ ይሄን አስዪ።

ከዛ በሌላ ቀን መሬት ላይ ተቀምጣ አንድ ሰአት ሙሉ አየችው። ትሪ ላይ የጤፍ ዱቄት፣ ሽምብራ፣ የጆንያ ቁራጭ፣ እርጥብ ጥጥ አስቀመጠችና ዝም አለች። እኔ ምንም ነገር መንካት አይወድም ብዬ የምምልለት ልጅ ሁለት እጁን ዱቄቱ ውስጥ እስከ ክርኑ ከተተው! እኔ አላመንኩም። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ፣ እህቴ ሲነካ የሚለውን ቃል እይው፣ ነ ሲላላ እሱ ነኪ ነው፣ ሲጠብቅ ደሞ ተነኪ ነው፣ የልጄ ችግር ያለው መጥበቁ ላይ ነው። እሱ ሲጀምር ይችለዋል፣ ሰው ሲጀምርበት ነው የሚያብደው። የምርመራው ዋናው ነገር ይሄ ነው ባይ ነኝ፣ ማን ጀመረ፣ መምጣቱን አይታ ነበር ወይ፣ የትኛው የሰውነቷ ክፍል ላይ፣ በምን፣ ለስለስ ብሎ ነው ጠበቅ ብሎ።

ለስለስ ያለው ይሻላል እንዳትዪ። ቆዳችን ላይ በተለይ ዝግ ያለ ዳበሳ የሚለዩ የነርቭ ክሮች አሉ፣ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚሄድ እጅ ነው በደንብ የሚያነቃቸው፣ ለአብዛኛው ሰው ደስ ይላል፣ እንዲህ ላሉ ልጆች ግን ቀለል ያለው ንክኪ ብዙ ጊዜ የሚረብሻቸው እሱ ነው፣ ጠበቅ ያለው ያረጋጋቸዋል። አማቴ በጋቢ ጥፍንግ አድርጋ ስታቅፈው ለምን ዝም እንደሚል ያኔ ገባኝ። ሁሉም ልጅ ግን እንዲህ አይደለም፣ ያንቺዋን አይተሽ ነው።

ሌላው ሰው የሚረሳው የማይሰማቸውን ቦታ ነው። ልጄ ጉንጩን ስትነኪው ይጮሃል፣ ግን አንዴ ቡና ሲፈላ የጋለ ጀበና ይዞ ዝም ብሏል፣ ውሃ የቋጠረ መዳፉን ያየሁት ማታ ሳጥበው ነው። አንድ ልጅ ላይ ሁለቱም ይኖራል። ስለዚህ ስትጠየቂ የምትጮህበትን ብቻ ሳይሆን ስትወድቅ ስትቃጠል ዝም የምትልበትንም ተናገሪ።

መጠይቅም አለ። ዊኒ ደን የምትባል አሜሪካዊት በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣችው 125 ጥያቄ ያለው ነው፣ ወላጅ ሁልጊዜ ከሚለው እስከ በጭራሽ እያለ ይመልሳል። ልኬቱ የወጣው ግን ከአሜሪካ ልጆች ነው፣ ስለዚህ ነጥቡን ብቻ አትዪ። የኛዋ ቴራፒስት ጥያቄውን ወደኛ ኑሮ እያመጣች ነው ያወራችኝ፣ ሹሩባ ሲሰሩት፣ ቅቤ ሲቀባ፣ እንግዳ ሲስመው። የኛን የወሎን ሰው ታውቂው የለ፣ ሲወድ ይስማል፣ ለአረፋ ዘመድ ጋ ስንሄድ ሃያ ሰው ነው ጉንጩን የሚይዘው፣ እና ልጁ ምን ያህል እንደሚነካም አብሮ መቆጠር አለበት።

ቅብጠት ነው፣ ግረፊያት የሚልሽ ካለ አትስሚው። ጂን አይረስ የምትባል ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምራ ስትጽፍበት የኖረች ነገር ነው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ህክምና መመዘኛ ላይም ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ ሆኖ ገብቷል። ልጅሽ ኦቲዝም አለባት ማለቴ ግን አይደለም፣ ሌላ የእድገት ችግር ያለባቸው ልጆችም ላይ ይታያል።

እስከ ቀጠሮሽ አንድ ሳምንት ደብተር ያዢ፣ ሰአቱን፣ ማን እንደነካት፣ ለመረጋጋት ስንት ደቂቃ እንደፈጀባት፣ በልታ ተኝታ ነበር ወይ። ኮምቦልቻ ደሞ ሙቀት ነው፣ ላብና የናይለን ልብስ አብሮ ያበሳጫታል፣ የለበሰችውንም ጻፊ። በስልክሽ አንድ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ያዢ፣ ግን ለቪዲዮ ብለሽ ሆን ብለሽ አታስጩሂያት። ለመሞከር ብለሽም እጇን ይዘሽ አታበጥሪያት። ጸጉሯን መስታወት ፊት ሆነሽ እንድታይሽ አድርገሽ፣ መጀመሪያ መዳፍሽን አናቷ ላይ ጫን አድርገሽ ቆይተሽ፣ ከጫፉ ጀምሪ፣ ለኔ ልጅ ሰርቷል።

የምታሳያት ደሴ ከሆነ ቀኑን ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ መናኸሪያ መጥቼ እቀበልሻለሁ፣ ልጅሽን ግን ራሷ እስክትመጣ አልስማትም።