ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ የተሠራው ስፒከር

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ፣ የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ያርድ ሴል ላይ ሁለት ትልልቅ ስፒከር በ40 ዶላር ገዛሁ፣ አሊሰን ዋን ይላል፣ ቅርፁ ግን ሦስት ማዕዘን ሆነብኝ፣ ጀርባው ጠፍጣፋ ፊቱ ሹል። ጓደኞቼ ቁራሌው እዚህ አገር ቢኖር ይገላግልህ ነበር እያሉ ይስቁብኛል። ይረባል ወይስ ልጣለው? የዎፈሩ፣ ማለት የቤዝ ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ክብ፣ ዙሪያው ደግሞ ስነካው ይፈረፈራል።

መልስ፦ ኧረ እንዳትጥለው ወንድሜ! እንደኔ እንደኔ ከዚያ ዘመን ስፒከር ሁሉ ያለ ጥፋቱ የተረሳው ይሄ ነው። የሠራው ሰው ሮይ አሊሰን ይባላል፣ መጀመሪያ አኩስቲክ ሪሰርች የሚባለው ስመ ጥር የማሳቹሴትስ ካምፓኒ ውስጥ ነበር፣ በኋላ ወጥቶ በፈረንጆቹ 1974 እዛው ማሳቹሴትስ ኔቲክ ከተማ የራሱን ከፈተ። በዛው ዓመት ያወጣው ጥናት ምን ይላል መሰለህ፣ ሰው ስፒከሩን ሲገዛ ክፍሉንም አብሮ እየገዛ ነው ዓይነት ነገር ነው። ቤዝ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው የሚሄደው፣ ግድግዳውን ገጭቶ ይመለሳል፣ ሲመለስ ዎፈሩ ከሚያወጣው ድምፅ ጋር ተቃራኒ ሆኖ ከተገናኘ ይጠፋፋሉ። ለምሳሌ ዎፈሩ ከግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ከራቀ 143 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ይጎድላል፣ ያ ደግሞ የወንድ ዘፋኝ ድምፅ የሚወፍርበት ቦታ ነው፣ ከወለሉም ከጎን ግድግዳውም እኩል 60 ከሆነማ በቃ ድምፁ ይከሳል፣ አንተ አምፑን (ድምፅ ማጉያውን) ትሳደባለህ።

አሊሰን ዎፈሩን ወስዶ ግድግዳና ወለሉ የሚገናኙበት ጥግ ስር ከተተው። ጎንበስ ብለህ እየው፣ ሁለቱም 10 ኢንች ዎፈሮች ታች ናቸው፣ አንዱ በአንዱ ጎን፣ የመሀለኛው ድምፅ ሚድሬንጅና የቀጭኑ ድምፅ ትዊተሮች ደግሞ ከላይ። ርቀቱ ትንሽ ስለሆነ መጠፋፋቱ ዎፈሩ ከሚጫወተው ወፍራም ድምፅ አልፎ ወደ ቀጭኑ ይወጣል፣ ዎፈሩን አይነካውም። ሹል ፊቱ ዎፈሮቹን በግራና በቀኝ ወደ ግድግዳው ለማስጠጋት ነው፣ ለፋሽን አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አልገነነም? የኔ ግምት፣ ሱቅ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተደርድሮ መሀል ወለል ላይ ሲቆም ችሎታው አይታይማ፣ የሚያምረው ግድግዳ ሲያገኝ ነው። ከዛ ደግሞ በፈረንጆቹ 80ዎቹ የሃይፋይ (የጥራት ድምፅ) ሰዎች ስፒከር ከግድግዳ ይራቅ ብለው አገሩን ሞሉት፣ ይሄ ደግሞ በተቃራኒው ለጥፉኝ የሚል ነው፣ ማን ይስማው።

የሚፈረፈረው ስፖንጅ ነው፣ አትደንግጥ፣ ዙሪያው ስፖንጅ የሆነ ዎፈር ሲያረጅ እንደዛ ነው። ለ10 ኢንች የሚሆን አዲስ ቀለበትና ማጣበቂያ ኦንላይን ይሸጣል፣ እስክትቀይረው ድረስ ግን ድምፅ አትጨምርበት። ትዊተሩ ከሞተ በሌላ ትዊተር አትተካው፣ ወጣ ያለች እብጥ ናት፣ ሌላ አይመሳሰላትም፣ የራሱን አሮጌ ፈልግ። ስታንድ ላይ እንዳትሰቅለው፣ ወለል ላይ አስቀምጠህ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ልጥፍ። ቀዳዳ የሌለው ዝግ ቦክስ ስለሆነም አምፑ ጠንከር ይበል።

ጥያቄ፦ ከገርጂ ኮንዶሚኒየም ነኝ። ሳሎኔ ጠባብ ነው፣ እንደዚህ ዓይነት ስፒከር እዚህ የት አገኛለሁ ብዬ አልደክምም፣ ቡፌ ላይ ያሉትን ተራ ስፒከሮቼን ምን ላድርጋቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሜትር ያዢና ከዎፈሩ መሀል ተነስተሽ እስከ ወለሉ፣ እስከ ኋላው ግድግዳ፣ እስከ ጎኑ ግድግዳ ለኪ። ሦስቱ ቁጥር ከተቀራረበ ችግሩ እሱ ነው። ወደ ኋላ ግፊውና ጎኑን አርቂው፣ አንዱ የሌላው እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ከቡፌው ጠርዝ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ወደ ኋላ መግፋቱን ተዪና ፊቱ ከጠርዙ እኩል እስኪሆን ሳቢው፣ የቡፌው ጣውላም ድምፅ ይመልሳል። ያንቺ ስፒከር ከጀርባው ቀዳዳ ካለው እስከ ግድግዳው አትለጥፊው፣ ትንሽ ክፍተት ተዪለት።