ዲማንድ ሪስፖንስ ባህር ዳር ላይ ያበላል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ በፓወር ኢንጂነሪንግ ተመርቀሽ የስማርት ግሪድ (በዲጂታል መረጃ የሚመራ የመብራት መረብ) እና የዲማንድ ሪስፖንስ (መስመሩ ሲጨናነቅ ፍጆታን መቀነስ ወይም ወደ ሌላ ሰዓት ማዛወር) አማካሪ መሆን እንዳማረሽ ጽፈሻል። ባህር ዳር ተቀምጬ ያዋጣኛል ወይስ አዲስ አበባ ልግባ ነው ጥያቄሽ። ያዋጣል፤ በዚያ ስም ግን አይደለም።

ውጭ አገር ዲማንድ ሪስፖንስ ገበያ አለው። መስመሩ ላይ ጭነት ሲበዛ ፋብሪካው ፍጆታውን ይቀንሳል፣ ለቀነሰውም ይከፈለዋል። መሃል ያለው አማካሪ ድርሻውን ይወስዳል። እኛ ጋ እንዲህ የሚከፍል የለም። ባለሆቴሉ ቢሮ ገብተሽ «ስማርት ግሪድ» ብትይ ቡና ጋብዞ ይሸኝሻል። «የመብራት ቢልዎን ልይልዎት» ካልሽው ግን ወንበር ይስብልሻል።

የፋብሪካ ቢል ላይ ደግሞ የሚታይ ነገር አለ። የሚከፈለው ለተበላው ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ በወሩ ውስጥ ለተመዘገበው ከፍተኛ ጭነትም (በአንድ ወቅት ለተሳበው ትልቁ ኪሎ ዋት) ነው። ሒሳብ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚያዩት የታችኛውን ድምር ብቻ ነው።

አንድ የዱቄት ፋብሪካ ልንገርሽ። ሥራ አስኪያጁ ሞተሮቹ አንድ ላይ እንዳይነሱ፣ በየተራ እንዲነሱ አዝዟል። ቢሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ትርፍ ጅረት የሚቆየው ለሰከንዶች ነው። ቆጣሪው የሚይዘው ብዙ ጊዜ የ15 ደቂቃ አማካይ ነው። በየተራ ማስነሳቱ ለትራንስፎርመሩ ደግ ነው፤ ለቢሉ ምንም። መላው የተገኘው ጎተራው ጋ ነው። ስንዴው ከተበጠረ በኋላ ውሃ ተሰጥቶት ሳይፈጭ ለሰዓታት ያርፋል። ታዲያ ማበጠሪያውና ወፍጮው ለምን አብረው ሠርተው ጭነታቸው ይደመራል? ወፍጮው የቀን ነበር፣ ማበጠሪያውን ወደ ሌሊት ወሰድነው። አንድም ዕቃ አልተገዛም። (ጣጣው የሌሊት ተረኛ ማግኘቱ ሆነ። ስለ ሰርቪስ የተከራከርነውን ያህል ስለ ኪሎ ዋት አልተከራከርንም።)

የምትፈልጊው እንዲህ ያለ ማቆያ ያለውን ሥራ ነው። ሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች የሞቀ ውሃ ያቆያሉ። ፓምፑ ታንከር አለው፤ የዓሣ ማቀዝቀዣውም ጥቂት ሰዓት ይታገሳል። እንጀራም ጠዋት ተጋግሮ ማታ ይቀርባል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት እንደሚስብ አትርሺ።

«ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት፣ ህዳሴው ደግሞ ከ5,000 በላይ! እኔ ለምን እቀንሳለሁ?» የሚልሽ አይጠፋም። ግድቡ ሞልቶም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ሲጫን መብራት ይሄዳል። ማምሻውን ከ1 እስከ 3 ሰዓት የሚታየው ይኸው ነው።

ፓወር ፋክተርን (ከሚሳበው ኃይል ስንቱ ሥራ ላይ እንደሚውል) እና እሱን የሚያሻሽለውን ካፓሲተር ተምረሽዋል፣ አልደግመውም። የፓይተን ፕሮግራሙ ይቆይ፤ መጀመሪያ ኤክሴል ላይ የአንድ ሳምንት የጭነት ኩርባ (በየሰዓቱ ስንት ኪሎ ዋት እንደተሳበ) መሳል ልመጂ። አዲስ አበባ ደንበኛ ይበዛል፣ እሱ ሐቅ ነው። ግን እዚህ ሦስት አራት ፋብሪካ ሳታዪ ብትሄጂ የምታሳዪው ሥራ አይኖርሽም።

ስለ ክፍያ፦ «ካተረፍነው ላይ እንከፍልሻለን» ይሉሻል። ምርት ሲጨምር ቢሉም ይጨምራል፣ ያኔ «ምን ቀነስሽልን?» ይመጣል። እሺ ከማለትሽ በፊት ያለፈውን ዓመት ቢልና ምርት አስቀምጪ፣ አንድ ኩንታል ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚፈጅና ከፍተኛው ጭነት ስንት እንደነበረ በጽሑፍ አስፈርሚ።