ለብየዳ ትምህርት ከመክፈላችሁ በፊት የእጅ ሰዓቱን ቁጠሩ

ውጭ ሀገር ሆናችሁ ብየዳና ብረታ ብረት ሥራ ልትማሩ ያሰባችሁ ወገኖች፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁት ስንት ወር እንደሚፈጅና ስንት እንደሚያስከፍል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጥሩውን ትምህርት ቤት ከደካማው የሚለየው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አርኩ (ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) እየነደደ እጃችሁ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል?

ማስታወቂያው 600 ሰዓት ይላል እንበል። ግማሹ የወረቀት ትምህርት ከሆነ 300 ቀረ። አንዷን የብየዳ ቡዝ ሁለት ተማሪ ከተጋራት 150 ሆነ። ከዚያ ላይ ብረት መቁረጥ፣ ጠርዝ መሞረድ፣ ቅርፊት (ብየዳው ላይ የሚደርቀውን ሽፋን) ማራገፍ፣ እስኪበርድ መጠበቅ ሁለት ሦስተኛውን ይወስዳል። የቀረችው 50 ሰዓት ናት። በ50 ሰዓት ጠረጴዛ ላይ የተኛ ብረት መበየድ ይለመዳል፤ ሽቅብና ከራስ በላይ መበየድ ግን አይለመድም፤ የሥራ ፈተናው ደግሞ እነዚህን ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት በትምህርት ሰዓት ሂዱና ወርክሾፑን በዓይናችሁ እዩ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቡዝ አለ ወይ? ኤሌክትሮዱና (እየቀለጠ ብየዳውን የሚሞላው ዘንግ) ላሜራው ክፍያው ውስጥ ተካቷል ወይ? የመታጠፍ ሙከራ ማሽን (የተበየደውን ቁራጭ አጥፎ የሚፈትን) አለ ወይ? የቁርጥራጭ በርሜሉንም ተመልከቱ። የታጠፉ የሙከራ ቁራጮች ከሞሉት ተማሪዎቹ እየተፈተኑ ነው ማለት ነው።

ከየትኛው ብየዳ ልጀምር ለሚል፦ ከኤሌክትሮድ ብየዳ ጀምሩ፣ በኋላ የምትሠሩት በሚግ (ማሽን ሽቦ እየገፋ፣ ጋዝ እየሸፈነው በሚበየድበት) ቢሆንም። ኤሌክትሮዱ እየነደደ ስለሚያጥር እጅ የአርክን ርቀት በግድ ይማራል። ሚግ በሁለት ቀን የሚያምር መስመር ያሠራል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ቮልቴጁ ዝቅ ብሎ ወፍራም ላሜራ ላይ ሲሠራ፣ የቀለጠው ብረት ከሥሩ ካለው ብረት ጋር ሳይዋሐድ ላዩ ላይ ብቻ ተለጥፎ ይቀራል። ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ነው፣ ሲታጠፍ እንደ ልጣጭ ይነሳል። በተጨማሪም የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚከላከለውን ጋዝ ነፋስ ይወስደዋል፤ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ አየር ብየዳውን በቀዳዳ ይሞላዋል፣ የተከፈተ በርና ቬንቲሌተር ሳይቀር። ቲግን (በማይቀልጥ የተንግስተን ጫፍና በጋዝ የሚበየድበትን) ለቧንቧና ለአይዝጌ ብረት ስትደርሱ ትይዙታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በሰፊው የሚፈተነው 3ጂ የሚባለው ነው። የቆሙ ሁለት ላሜራዎች ከታች ወደ ላይ ይበየዳሉ። ውፍረታቸው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የእያንዳንዳቸው ጠርዝ በ22.5 ዲግሪ ይጋደላል፣ በመካከላቸው 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፣ ከኋላ የመደገፊያ ብረት ይገባል። ኤሌክትሮዱ 7018 ነው። 70 የሚለው ጥንካሬውን ይናገራል፣ በአንድ ስኩዌር ኢንች 70,000 ፓውንድ። 1 በሁሉም አቅጣጫ ይሠራል ማለት ነው፤ የመጨረሻው 8 ደግሞ ሽፋኑ ሃይድሮጅኑ ዝቅተኛ መሆኑን ያመለክታል። እርጥበት ከገባበት ይህ ጥቅሙ ይጠፋል፣ ብየዳው ከቀዘቀዘ ከሰዓታት በኋላ ውስጥ ለውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ምድጃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተራው 7018 ከምድጃ ወጥቶ ከ4 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም።

ለ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ሽቅብ ስትሠሩ ከ110 እስከ 125 አምፔር ባለው ውስጥ ጀምሩ፣ ኤሌክትሮዱ ከፖዘቲቩ ጋር ይገናኝ። ጫፉ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ወደ ላይ ቀና ይበል። የአርኩ ርቀት ከኤሌክትሮዱ ሽቦ ውፍረት አይብለጥ። ጎንና ጎኑ ላይ ቆም በሉ፣ መሐሉን ቶሎ እለፉት። መሐሉ እንደ ሆድ ከተነፋ መሐል ላይ ዘግይታችኋል ወይም አምፔሩ በዝቷል። ጎኑ ከተቦረቦረ ጠርዙ ላይ አልቆማችሁም ወይም አርኩ ረዝሟል። ኤሌክትሮድ ቀይራችሁ ስትቀጥሉ ካቆማችሁበት ጉድጓድ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ለኩሱና ወደ ጉድጓዱ ተመልሳችሁ ቀጥሉ። 7018 ሲለኮስ የመጀመሪያዋ ቅጽበት ቀዳዳ ትፈጥራለች፤ በዚህ መንገድ ቀዳዳውን ራሳችሁ መልሳችሁ ታቀልጡታላችሁ።

ተፈታኞች በብዛት የሚወድቁት ከላይ በሚታየው ሳይሆን በመጀመሪያው ዙር፣ ማለትም ከሥሩ በሚገባው የብየዳ መስመር ነው። የተጋደለው ጠርዝ ከመደገፊያው ብረት ጋር የሚገናኝበት ሁለት ማዕዘን አለ። አርኩ ሁለቱም ውስጥ ካልገባ ቅርፊት እዚያ ተቀብሮ ይቀራል። ሁለት ቁራጭ ተቆርጦ አንዱ በፊቱ ሌላው በሥሩ በኩል እስከ 180 ዲግሪ ሲታጠፍ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ የተከፈተ ስንጥቅ ከታየ ወደቃችሁ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የላሜራውን ጥቁር ልባስ ከጠርዙ 25 ሚሊ ሜትር ድረስ በግራይንደር አውልቁ፣ በየዙሩ ቅርፊቱን ጠርጋችሁ ጨርሱ። ቁራጮቹን ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ የግራይንደሩ ጭረት በቁራጩ ርዝመት ይሂድ። አግድም የቀረ ጭረት ሲታጠፍ እንደ ስንጥቅ መጀመሪያ ይሆናል፤ ጥሩ ብየዳ ሠርተው በዚህ ብቻ የወደቁ ብዙ ናቸው። የጋለ ብረትም ውኃ ውስጥ አትንከሩ፣ ይደነድናል።

3ጂን እና 4ጂን (ከራስ በላይ የሚበየደውን ፈተና) ሁለቱን ካለፋችሁ በላሜራ ላይ ሁሉም አቅጣጫ ይፈቀድላችኋል። በ10 ሚሊ ሜትሩ የተፈተነ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ድረስ መሥራት ይችላል፤ በ25 ሚሊ ሜትር ላሜራ የተፈተነ ገደብ የለበትም።

እስካሁን ያልነው በያጅ ያደርጋችኋል። ሥራ ሲቀዛቀዝ ቀድሞ የሚሰናበተው ግን መስመር ከማፍሰስ ሌላ የማይችለው ነው። ሥዕል አንብቦ፣ ቆርጦ፣ አስካክቶ የሚያቆም ሰው ይቀራል። አንድ ቀላል የቱቦላሬ ፍሬም ውሰዱ፣ 1000 በ600 ሚሊ ሜትር። ስኳድራ ብቻ አይበቃም፤ ሰያፍ መስመሮቹን በሜትር ለኩ፣ ሁለቱም 1166 ሚሊ ሜትር መምጣት አለባቸው። አራቱንም ማዕዘን በትንንሽ ነጥብ ብየዳ ያዙ፣ እንደገና ለኩ፣ ከዚያ ተቃራኒ ማዕዘኖችን እያፈራረቃችሁ በይዱ። አንዱን ጎን እስከ መጨረሻው ከበየዳችሁት ብየዳው ሲቀዘቅዝ ወደ ራሱ ይስበዋል፣ ፍሬሙም ይጣመማል።

የብየዳ ምልክት ማንበብንም በቁም ነገር ተማሩ። በአሜሪካ አሠራር ከመስመሩ በታች ያለ ምልክት ቀስቱ በሚያመለክተው ጎን በይድ ይላል፣ ከመስመሩ በላይ ያለው ደግሞ በሌላው ጎን። በአውሮፓ ሥዕሎች ላይ ብዙ ጊዜ አብሮ የተሰመረ የተቆራረጠ መስመር አለ፤ ሌላውን ጎን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው በቀላሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። መጠኑንም አክብሩ። ሥዕሉ 6 ሚሊ ሜትር ካለ 8 ማድረግ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ ሂሳቡ ግን 78 በመቶ ተጨማሪ ብረት፣ ተጨማሪ ሙቀትና ተጨማሪ መጣመም ነው።

ስለ ሳንባችሁ ደግሞ ማንም አያስብላችሁምና እናንተው አስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጢስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የአይዝጌ ብረት ጢስ አደገኛው ክሮሚየም አለበት። ዚንክ የተቀባ ብረት ሳይሞረድ ከተበየደ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስይዛል፤ ወተት መጠጣት አይከላከለውም። መምጠጫው ከአርኩ አንድ ስንዝር ያህል ቀርቦ ይቀመጥ፣ ራሳችሁን ከጢሱ ዓምድ ውስጥ አውጡ፣ ከማስኩ ሥር የሚገባ ማጣሪያ ያለው መተንፈሻ ልበሱ። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ፈጽሞ አትበይዱ፤ አርኩ ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣበታል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ሀገር ቤት በብየዳ የሠራችሁ ሰዎች ዲፕሎማ የለኝም ብላችሁ ወደኋላ አትበሉ። በአሜሪካ የብየዳ ማኅበር የበያጅነት ፈተና ለመቀመጥ ቀድሞ የተማሩበት ማስረጃ አይጠየቅም፣ የሚመዘነው የተበየደው ብረት ነው። ነገር ግን የትኛውም ፈቃድ ለዘላለም አይቆይም። በአሜሪካው ዲ1.1 (የብረት ግንባታ ብየዳ) ደንብ በዚያ የብየዳ ዓይነት ከ6 ወር በላይ ካልሠራችሁ ይቋረጣል። አውሮፓ ውስጥ በሚሠራበት የበያጆች ፈተና መመዘኛ፣ አይ.ኤስ.ኦ. 9606-1፣ በየ6 ወሩ በአሠሪው ፊርማ ይረጋገጣል፣ በተለመደው አካሄድም በ3 ዓመት ፈተናው ይደገማል። ካናዳ ውስጥ የብየዳ ቢሮው ፈቃድ 2 ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ አንድ ቦታ ሥራ ስትለቁ ከመሰናበቻ ደብዳቤው ጋር የበየዳችሁበትን ዓይነት፣ አቅጣጫውንና ቀኑን የሚያሳይ የተፈረመ ወረቀት ጠይቁ። ሁለት ዓመት ቆይታችሁ ብትጠይቁ የሚፈርመው ኃላፊ ራሱ ላይኖር ይችላል።